ጥያቄና መልስ፦ የተከታታይ ድራማ ድምፅ፣ ከቀረጻ እስከ ኤዲት

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ተጠያቂያችን አዲስ አበባ ውስጥ በሲትኮምና በተከታታይ ድራማ ቀረጻ ላይ ድምፅ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ተዋንያን፣ አዘጋጆች፣ ኤዲተሮች ጠይቁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ከላይ የተመለሰውን አንብቡ።

ሳውንድማን፦ እሺ። የማውቀው ድምፅ ነው። ስለ ካሜራ፣ ስለ ክፍያ፣ ማን ከማን ጋር ስለ መጣላቱ አልመልስም። "ድምፃችን ጥሩ አይደለም፣ ምን እናድርግ" የሚልም አልመልስም። ክፍሉን፣ የማይኩን ዓይነት፣ ከአፍ ምን ያህል እንደራቀ ጻፉና እንነጋገር።

ጀማሪ አዘጋጅ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? 12 ክፍል ያለው ሲትኮም ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልንቀርጽ ነው። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ገደማ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ነው። ሾትጋን ማይክ (ረጅም ቱቦ ያለውን) ቡም (ማይክ የሚያዝበት ረጅም ዘንግ) ላይ አድርገን ስንሞክር ድምፁ ያስተጋባል፣ ተዋናዩም የራቀ ይመስላል። ማይኩ ተበላሽቶ ይሆን?

ሳውንድማን፦ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ማይኩ ደህና ነው፣ ቦታው ነው ያልሆነው። ሾትጋን ከጎን የሚመጣን ድምፅ የሚቀንሰው በቱቦው ጎን ባሉት ቀዳዳዎች የገባው ድምፅ እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ ነው። ይሄ ደግሞ በቀጭኑ ድምፅ ላይ እንጂ በወፍራሙ ላይ አይሠራም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ሴራሚክ ቤት ውስጥ የተዋናዩ ድምፅ ወለልና ጣሪያ መቶ በየአቅጣጫው ይመለሳል። ቱቦው ከተመላሹ ግማሹን ቆርጦ ግማሹን ያስገባዋል፣ የምትሰሙት የተበላሸ ድምፅ እሱ ነው። ለቤት ውስጥ ሃይፐርካርዲዮይድ ወይም ሱፐርካርዲዮይድ የሆነ (በዋናነት ከፊቱ ያለውን የሚይዝ) አጭር ማይክ ተከራዩ። ሾትጋኑን ለውጪ ሲን አስቀምጡት።

ማይክ መቀየር ካልቻላችሁ ክፍሉን ቀይሩት። መጀመሪያ ወለሉ። ቡም ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ ፊት ለፊት የሚገጥመው ሴራሚኩ ነው፤ ካሜራ የማያየውን ወለል በሙሉ ምንጣፍ አልብሱት። ቀጥሎ ከካሜራው ጀርባ ያለው ግድግዳ። ወፍራም ብርድ ልብስ ሦስት አራት ስቀሉ፣ ግን ግድግዳው ላይ አትለጥፉት፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፤ ክፍተቱ ራሱ ይረዳል። ጋቢም ይሆናል፣ እጥፍ አድርጋችሁ። ስስ መጋረጃ ለዓይን ነው እንጂ ለጆሮ ምንም አይጠቅምም።

ከዛ ርቀት። የማይኩ ጫፍ ከአፍ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፣ ከላይ ሆኖ ወደ ደረት የሚያይ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ቀጥታ ድምፁ በ6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይወርዳል፣ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ካሜራማኑ ፍሬሙን ባሰፋ ቁጥር ቡሙ ስለሚሸሽ ሰፊውን ሾት በላቭ (ልብስ ሥር በሚደበቀው ትንሽ ማይክ)፣ ቅርቡን በቡም አስቡት።

ፍሪጁን ንቀሉ። ስትነቅሉ የመኪናችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፤ ያኔ መልሳችሁ ሳትሰኩት መሄድ አትችሉም። የቤቱ ባለቤት ሥጋ ከተበላሸ ቤቱን ሁለተኛ አታገኙትም።

እና ሩም ቶን። በምትቀርጹበት በእያንዳንዱ የቤት ክፍል መብራቱ እንደበራ፣ ሰው ሁሉ ባለበት ቆሞ፣ 60 ሰከንድ ዝምታ ቅዱ። ኤዲተሩ በንግግር መካከል የሚደፍነው በዚህ ነው። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ ቻሉት።

ቤት ስቱዲዮ፦ ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ብንለጥፍስ? ርካሽ ነው።

ሳውንድማን፦ አይሠራም። ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ይነካዋል፣ ወፍራሙን እንዳለ ያሳልፋል። ከጎረቤት የሚመጣውንም አያቆምም። በዛ ላይ እሳት ይወዳል፣ እናንተ ደግሞ የሚግል መብራት ታበራላችሁ። ብርድ ልብስ ስቀል።

ተዋናይት፦ ጋሼ፣ በሐበሻ ቀሚስና በነጠላ የምጫወትባቸው ሲኖች ላይ ሁሌ "ኮሽ ኮሽ ይላል" ተብሎ ካት ይባላል። ስሜቴ ይሄዳል። እኔ ማድረግ የምችለው ነገር አለ?

ሳውንድማን፦ አለ እህቴ፣ ብዙ። ኮሽታው ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ጨርቁ ማይኩን ሲነካ፣ ጨርቅ ከጨርቅ ሲፋተግ፣ ገመዱ ሲጎተት። እያንዳንዱ መድኃኒቱ የተለየ ነው።

ማይኩ ከአገጭሽ በታች አንድ ስንዝር ያህል፣ ደረት አጥንቱ መሀል ላይ ይቀመጥ። ጥልፉ ላይ አይደለም፣ ጥልፍ ደረቅ ነው፣ ስትተነፍሺም ይፍቃል። የሕክምና ፕላስተር የሚጣበቀውን ወደ ውጪ አድርገሽ በሳምቡሳ ቅርፅ እጠፊ፤ ሁለት ያስፈልግሻል። ማይኩ በሁለቱ መካከል ይገባል፣ አንዱ ቀሚሱን ይይዛል፣ ሌላው ቆዳሽን። እንዲህ ሲሆን ማይኩ፣ ጨርቁና ሰውነትሽ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፣ የሚፋተግ ነገር የለም። የማይኩ አፍ ግን እንዳይሸፈን።

ገመዱን ከማይኩ ሥር ሳንቲም የምታህል ቀለበት አድርገሽ በሌላ ፕላስተር ያዢው። ሲጎተት ቀለበቱ ይሳባል እንጂ ማይኩ አይነካም። ማስተላለፊያው መቀነቱ ሥር ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በ2.4 ጊጋ ሄርዝ የሚሠሩት ትንንሾቹ ሽቦ አልባዎች የሰው ሰውነት አያሳልፋቸውም። ተቀባዩ ፊት ለፊትሽ ካለ ማስተላለፊያውን ጀርባሽ ላይ አታድርጊው፣ ወደ ጎን አምጪው።

ነጠላውን ትከሻ ላይና ብብት አካባቢ በመርፌ ቁልፍ ያዢው፤ ማይኩ ላይ ወዲያ ወዲህ እንዳይል። የአንገት መስቀል ካለሽ ማይኩን እየመታ ቻ ቻ ይላል። ከውስጥ በፕላስተር ይያዝ። ካሜራ የሚያየው ከሆነ ከኮስትዩም ባለሙያዋ ጋር ተነጋገሪ፣ በሚቀጥለው ሲን ቦታው ተቀይሮ እንዳይገኝ።

የለቅሶ ሲን ከሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ደረትሽን ስትመቺ ላቭ አለቀለት፤ ያ ሲን በቡም ብቻ ነው የሚቀዳው።

ተዋናይት፦ እግዜር ይስጥልኝ! ይሄን የነገረኝ ሰው የለም።

አዲስ ተዋናይ፦ ለአንድ ክፍል ስንት ነው የሚከፈለው?

ሳውንድማን፦ አልመልስም ብዬ ነበር። ውልህን በጽሑፍ አድርግ፣ ድጋሚ ድምፅ ለመቅዳት የምትጠራበት ቀን እንዲከፈልህ ውሉ ውስጥ አስገባ። ከድምፅ ጋር የሚገናኘው ይሄ ብቻ ነው።

የመድረክ ሰው፦ ልናገር እንግዲህ። ችግሩ ማይክ ላይ አይደለም፣ ተዋንያኑ ላይ ነው። የዛሬ የቴሌቪዥን ልጆች ያንሾካሽካሉ። እኛ በ1948 ከተመረቀው ብሔራዊ ቴአትር ጀምሮ ኋላ ወንበር ላይ ላለው ተመልካች የሚደርስ ድምፅ ነው የተማርነው።

ኤዲተሯ፦ ይቅርታ ጋሽዬ፣ ከሺህ በላይ ሰው ለሚይዝ አዳራሽ የሚወጣ ድምፅ ሳሎን ውስጥ ሲወጣ ሚስቱን ራት የሚጠይቅ ሰው አዋጅ የሚያስነግር ይመስላል። ኤዲት ላይ ደግሞ ድምፁን ብቀንሰውም ጩኸትነቱ አይሄድም።

የመድረክ ሰው፦ ቢያንስ የሚለው ይሰማል!

ኤዲተሯ፦ ይሰማል፣ አይታመንም።

ካሜራማን 2፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፣ አዘጋጁ ነው ማስተካከል ያለበት 😄

ሳውንድማን፦ ቆይ ቆይ። ሁለታችሁም አንዱን ትልቅ ነገር ዘላችሁት። ድምፅ ከፍ ማለት ሌላ፣ ጥርት ማለት ሌላ ነው። ዝቅ ብሎ የተነገረን ቃል 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ማይክ አሳምሮ ይይዘዋል። የማይዘው የተዋጠውን ነው። አማርኛ ውስጥ ደግሞ የሚዋጠው የት ነው? መጨረሻ ላይ። ተዋናዩ አየሩ ሲያልቅበት፣ ወይም "ተፈጥሯዊ" ልሁን ሲል፣ የዓረፍተ ነገሩን ጭራ ይጥለዋል። ግሱ ያለው እዛ ነው! "ገንዘቡን ለወንድሜ ሰጠ" እና "ገንዘቡን ለወንድሜ ሰጡ" መካከል ያለው ልዩነት አንዲት አናባቢ ናት። እሷ ከጠፋች ተመልካቹ ማን እንደሰጠ አያውቅም። "አልሄድም" ላይ "ም" ካልተሰማ ተመልካቹ የቀረውን የሚሞላው በግምት ነው።

ከዛ ኤዲተር ይመጣና ኖይዝ ጌት ያስገባል። ጌት ድምፅ ከተወሰነ ልክ በታች ሲወርድ ይዘጋል። የሚወርደው ማነው? ያው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ። ተዋናዩ ግማሹን ዋጠው፣ ሶፍትዌሩ ቀሪውን ዋጠው። ስለዚህ ኤዲተሮች፣ በአማርኛ ድራማ ላይ ጌት አትጠቀሙ። ኖይዝ ቅነሳም ካስፈለገ ከ6 እስከ 8 ዲሲቤል ይብቃችሁ፣ የቀረውን ሩም ቶን ከሥር አንጥፉበት። የማይቋረጥ ትንሽ ሹክሹክታ ተመልካቹ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይረሳዋል፣ ብቅ ጥልቅ የሚል ዝምታ ግን አይረሳም።

ተዋንያን፣ ከእናንተ የምፈልገው ጩኸት አይደለም። አየር የምትስቡበትን ቦታ ስክሪፕቱ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አየር ይትረፋችሁ። ልምምድ ላይም በምትጫወቱበት ድምፅ ተለማመዱ። በልምምድ አንሾካሹካችሁ በቴክ (በእውነተኛው ቀረጻ) ላይ ስትጮሁ መጠኑን ያስተካከለው ሰውዬ ጆሮው ይፈነዳል፣ ድምፁም ይሰነጠቃል።

የመድረክ ሰው፦ ስለ አየር ያልከው የእኛ ትምህርት ነው፣ ተቀብያለሁ።

ኤዲተሯ፦ ጌቱን ግን ለጄነሬተር ድምፅ...

ሳውንድማን፦ አይሆንም።

ሀብት፦ የትኛውን ማይክ ልግዛ?

ሳውንድማን፦ ለምን? የት? በስንት ብር? ለስንት ሰው?

ሀብት፦ ለድራማ።

ሳውንድማን፦ አትግዛ፣ ተከራይ። ከማይኩ በፊት ጆሮ የሚሸፍን ሄድፎን ግዛ። ያለ ሄድፎን የሚቀዳ ሰው ካሜራውን ሳያይ እንደሚቀርጽ ነው።

ረዳት አዘጋጅ፦ ጋሼ፣ የቡና ሲን አለን፤ አራት ገጽ ንግግር ነው። ቡና ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ሲኒ ይደረደራል፣ በመሀል ትልቁ የቤተሰብ ሚስጥር ይወጣል። ሚስጥሩ ሲወጣ ሙቀጫው ዱም ዱም ይላል። ሦስት ጊዜ ሞክረን ተውነው።

ሳውንድማን፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! በአገራችን ድራማ ከቡና ሲን በላይ ድምፅ ባለሙያን የሚፈትን የለም፣ ሁሉም ሰው ደግሞ ይጽፈዋል።

መርሁ አንድ ነው፦ ንግግሩን ንጹህ ቅዱ፣ ሌላውን ሁሉ ለብቻ ቅዱና ኤዲት ላይ ጨምሩ።

መቁላቱ፦ ምድጃው ላይ ያለው ምጣድ በሰፊው ሾትና በእጅ ቅርብ ሾት ላይ ብቻ በእውነት ይቆላ። ንግግር ባለበት ሾት ቡናው ቀድሞ የተቆላ ይሁን፣ ከሰሉም ይውጣ። ጭሱ ለካሜራ ካስፈለገ ዕጣኑ ይበቃል።

መውቀጡ፦ ሙቀጫው ውስጥ የታጠፈ ፎጣ ክተቱ፣ ቡና አትጨምሩበት። ዘነዘናው ይወርዳል ይነሳል፣ ድምፅ የለም። ተዋናይቷ ግን ክንዷ ክብደት እንዲሰማው አድርጋ ትውቀጥ፤ ባዶ እንደምትወቅጥ ከታወቀባት ኋላ የምትጨምሩት ድምፅ ውሸት ይመስላል። ከተቻለ ምቱ በንግግር ክፍተት ላይ ይረፍ። ሲኑ ሲያልቅ እዛው ክፍል፣ እዛው ማይክ፣ ፎጣው ወጥቶ ቡና ገብቶ፣ ተዋናይቷ ራሷ በዛው ፍጥነት ለአንድ ደቂቃ ትውቀጥ። ያ ዋይልድ ትራክ ነው። ኤዲተሩ እያንዳንዱን ምት ከክንዷ ጋር ያገጥመዋል።

ረከቦቱ፦ ሲኒዎቹ ሥር የረጠበ ስስ ጨርቅ አንጥፉ፣ ካሜራ ወደ ታች ካላየ አይታይም። ሲኒ ከማስቀመጫው ጋር ሲጋጭ የሚወጣው ድምፅ ቀጭን ስለሆነ "ሰ"ን እና "ሸ"ን ይሸፍናል። ማስቀመጫው ላይ ከሥር ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ።

መቅጃው፦ ጀበናው ባዶ አይሁን። ባዶ ጀበና ሲቀዳ እጅ ያሳብቃል፤ ውሃም ቢሆን ይኑረው። ቡናው ሲቀዳ ያለው ድምፅ ግን ሚስጥሩ ከመውጣቱ በፊት ያለቀ እንዲሆን አዘጋጁን ለምኑት። "ቡናው ይቀዳ፣ ዝምታ፣ ከዛ ቃሉ" ማለት ለትወናውም ይሻላል፤ ይሄ የኔ ሥራ ባይሆንም።

ጉርሻ ያለበት ሲንም ያው ነው። አፍ ሞልቶ የሚናገር ተዋናይ በድጋሚ ድምፅ ቅጂ አይድንም፤ አፉ ሞልቶ ሲታይ ድምፁ ባዶ አፍ ይሆናል። ትንሽ ጉረሱ።

ረዳት አዘጋጅ፦ ፎጣውን በፍጹም አላሰብነውም። እናመሰግናለን!

ፕሮዲውሰር ነኝ፦ የሎኬሽናችን አጠገብ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አለ። ቀረጻው በነሐሴ ነው። ቀን እየባከነ ነው።

ሳውንድማን፦ ነሐሴን ማን መረጠላችሁ? ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፣ ቅዳሴው በቀን ነው፣ ከሰዓቱም ሰፊ ክፍል ይይዛል። ዝናቡ ደግሞ ገና አላባራም።

ከድምፅ ማጉያ ጋር አትጣሉ፣ በፕሮግራም እለፉት። የዙህር አዛን አዲስ አበባ ላይ እንደ ወሩ ከ6 ከ10 ገደማ እስከ 6 ከ40 ባለው ውስጥ ነው፣ ያኔ ምሳ ይበላ። የዐስር ሶላት አዛን ወደ 10 ሰዓት ሲጠጋ ነው፣ ያኔ ሾት ቀይሩ፣ መብራት አስተካክሉ። ዓርብ ከጁምዓ ጋር ስለሚረዝም ያን ጊዜ ንግግር የሌለበትን ሾት ሥሩበት። ከቤተ ክርስቲያኑም የበዓላቱን ቀን ጠይቁ፤ የደብሩ ታቦት የሚነግሥበት ቀን ከሆነ ጨርሶ አትሂዱ።

ከጀርባ ትንሽ ቢሰማስ ትሉኛላችሁ። አንድ ሾት ብቻ ቢሆን ለታሪኩ ያምርበት ነበር። ግን ሲኑን ከሦስት አቅጣጫ ትቀርጻላችሁ፣ ኤዲተሩም ከሦስቱ ይቆራርጣል፤ አዛኑ ወይም ዜማው በእያንዳንዱ ካት መሀሉ ላይ ይዘላል። ከጀርባ እንዲሰማ ከፈለጋችሁ ለብቻው ቅዱትና በንጹሁ ንግግር ላይ አንጥፉት።

ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ጆንያና ወፍራም ብርድ ልብስ መዘርጋት ለካፊያ ይረዳል። ዶፍ ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ፣ ሌላ መፍትሔ የለውም። ዝናቡን ግን ቅዱት፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል። ሩም ቶኑንም ሳይዘንብ ቅዱ።

ቤት ስቱዲዮ 7፦ ሰላም፣ የእንቁላል ካርቶን ለድምፅ ይጠቅማል?

ሳውንድማን፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ቤት ስቱዲዮ 7፦ አንብቤያለሁ ግን ብዙ ሰው ይጠቀማል።

ሳውንድማን፦ ብዙ ሰው ያለ ሄድፎንም ይቀዳል።

የሪከርደር ወዳጅ፦ 32 ቢት ፍሎት ሪከርደር ካለ መጠን ማስተካከል አያስፈልግም ይባላል። እውነት ነው?

ሳውንድማን፦ ግማሹ። ሪከርደሩ ውስጥ ድምፁ ከዜሮ (ከተለመደው ከፍተኛ ልክ) በላይ ቢወጣም መልሰህ ማውረድ ትችላለህ። ማይኩ ራሱ፣ ወይም ሽቦ አልባው ማስተላለፊያ ቀድሞ ከሰነጠቀው ግን የተሰነጠቀውን ነው በጥንቃቄ የቀዳኸው። የራቀ ማይክንም አያቀርብም። በ24 ቢት የምትቀዳ ከሆነ 48 ኪሎ ሄርዝ፣ ተራው ንግግር ከዜሮ በታች 20 ዲሲቤል አካባቢ፣ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ በታች 12 እስከ 10 ይሁን። ለጩኸት ቦታ ይተርፍሃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለዩቲዩብ አጭር ድራማ እየሠራን ነው። ሁለት ተዋንያን እዚህ ናቸው፣ እናትየው አዲስ አበባ ሆና በቪዲዮ ስልክ ታወራለች። የሷ ምስልና ድምፅ መጀመሪያ ይገጥማል፣ እየቆየ ይንሸራተታል። እዚህ ደግሞ የኤሲ ድምፅ አለ።

ሳውንድማን፦ እናትየዋን በስልክ ነው የቀረጿት አይደል? ስልክ የፍሬም ፍጥነቱን እንደ ብርሃኑ እየቀያየረ ይቀርጻል፤ ኤዲት ሶፍትዌሩ ግን ቋሚ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ሶፍትዌር ላይ ቋሚ ፍሬም አድርጋችሁ ቀይሩትና ከዛ አስገቡት። ድምፁ በሌላ ሪከርደር ከተቀዳ ደግሞ የሁለቱ መሣሪያ ሰዓት አንድ ስላልሆነ ትንሽ ይንሸራተታል። መጀመሪያም መጨረሻም ላይ ክላፕ አስደርጉ፣ ልዩነቱን ዝምታ ባለበት ቦታ እየቆረጣችሁ አስተካክሉ።

ከአዲስ አበባው ቡድን ጋር ከመጀመራችሁ በፊት የፍሬም ፍጥነት ተስማሙ። እዚህ መብራቱ 50 ሄርዝ ነው፣ እናንተ ጋ አሜሪካ 60። በ25 ፍሬም የምትቀርጹ ከሆነ እናንተ የካሜራውን ሸተር 1/60 ሰከንድ አድርጉ፣ አለበለዚያ አንዳንዱ አምፖል ይርገበገባል። ስለ ካሜራ ያልኩት በቃ።

ከቪዲዮ ጥሪው የሚመጣውን ድምፅ አትጠቀሙ። እናትየዋ አጠገቧ በተቀመጠ ሪከርደር ትቀዳ፣ የስልክ ድምፅ እንዲመስል ኋላ ከ300 ሄርዝ በታችና ከ3400 ሄርዝ በላይ ቁረጡት። ኤሲውን ከቴርሞስታቱ አጥፉት፣ ለ10 ደቂቃ ቅዱ፣ አብሩት፣ አረፍ በሉ። በርቶ አትቅዱ፤ አንዱ ቴክ በርቶ ሌላው ጠፍቶ ከሆነ ካት ላይ ይታወቃል። ሩም ቶን!

ዳቢንግ ጎበዝ፦ በዚህ ሁሉ ከምትሰቃዩ ለምን ሙሉውን ስቱዲዮ ውስጥ በድጋሚ አትቀዱም? ቃና ቴሌቪዥን በ2008 የውጭ ድራማ በአማርኛ ማሰማት ሲጀምር ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፣ ሰውም ወደደው።

የመድረክ ሰው፦ የወደደውማ የአገሩን ተዋናይ ሥራ አሳጥቶ ነው።

ዳቢንግ ጎበዝ፦ ስንት የድምፅ ተዋናይ እንጀራ እንደበላበት አታውቅም?

የመድረክ ሰው፦ የራሳችን ታሪክ ይሠራበት የነበረ ሰዓት ተወሰደ።

ኤዲተሯ፦ እንደገና ተጀመረ...

ሳውንድማን፦ ክርክሩን እዚህ አታምጡ፣ ቴክኒኩን ልንገራችሁ። የሰው ድራማ ስታሰሙ ተመልካቹ ከንፈሩ እንደማይገጥም አውቆ ተቀብሏል። የራሳችንን ተዋናይ ከንፈር ግን ማንም ያነበዋል። ለራስ ድራማ ድጋሚ ቅጂ ለተበላሸው መስመር ብቻ ነው የሚሆነው። ስትቀዱ በሎኬሽኑ የተጠቀማችሁበትን ማይክ፣ በዛው ርቀት ተጠቀሙ፤ አፍ ላይ ተለጥፎ የተቀዳ ድምፅ ሳሎን ውስጥ አይገባም። መስመሩን ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ባሉ ቁራጮች ከፋፍሉት፣ ተዋናዩ የቀድሞውን ድምፅ በሄድፎን ይስማ፣ ከሦስት ቢፕ በኋላ ይግባ። "መ"፣ "በ" እና "ፐ" ላይ ከንፈር ስለሚዘጋ መጀመሪያ እነሱን አገጣጥሙ፣ ሌላው ይከተላል። ቆሞ የተጫወተውን ቆሞ ይቅዳ፣ ሮጦ የተናገረውን ጥቂት ዘሎ። ሲጨርስ ሩም ቶኑን ከሥር አንጥፉ። ከሌለ? እንግዲህ ከሌለ ስቱዲዮ ስቱዲዮ ይሸታል።

ሲትኮም ወዳጅ፦ የሳቅ ድምፅ መጨመር ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?

ሳውንድማን፦ ተዋናዩ ለሳቁ ቦታ ትቶ ካልተጫወተ ሳቁ የሚቀጥለውን መስመር ይሸፍናል። አስቀድሞ ካልታሰበበት ይቅር።

የሚክስ ተማሪ፦ ለጣቢያ የምናስረክበው ድምፅ መጠኑ ስንት ይሁን? ሙዚቃውስ?

ሳውንድማን፦ ጣቢያው የሚፈልገውን በጽሑፍ ይስጣችሁ። የአውሮፓው መለኪያ ከዜሮ በታች 23 ሉፍስ (የጠቅላላ ድምፅ ጩኸት መለኪያ) ነው፣ ጫፉ ከዜሮ በታች 1። ዩቲዩብ ከዜሮ በታች 14 አካባቢ ከሚሆነው በላይ የጮኸውን ያወርደዋል፣ ዝቅ ያለውን ግን ከፍ አያደርገውም። ስለዚህ ለሁለቱ ሁለት ፋይል አውጡ።

ሙዚቃ ከንግግር ሥር ከ12 እስከ 15 ዲሲቤል ዝቅ ይበል። ማሲንቆ ንግግር ሥር አታስገቡ። ድምፁ የሚቀመጠው የሰው ድምፅ ባለበት ነው፣ ከቃሉ ጋር ይሻማል፤ ብትቀንሱትም ቃሉን ያደበዝዘዋል። ክራር ይሻላል፣ ተመቶ ስለሚጠፋ በመካከል ቃሉ ይገባል። ማሲንቆን ንግግር ሲያልቅ አስገቡት፣ ያኔ ያለቅሳል። ስትጨርሱ በስቱዲዮ ስፒከር ብቻ አትስሙ፤ በተራ ቴሌቪዥንና በስልክ ስሙት። ሰው የሚያየው በዛ ነው።

ፕሮዲውሰር ነኝ፦ መብራት ሲጠፋስ? ጄነሬተር አለን።

ሳውንድማን፦ ቢያንስ 50 ሜትር አርቁት፣ ሕንፃ ወይም አጥር ከለላ ይሁን፣ ጭስ መውጫው ወደ ሌላ ይዙር፣ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥ። ገመዱ ወፍራም ይሁን፣ በቀጭን ረጅም ገመድ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ገመዱም ይግላል። የድምፅ መሣሪያ ጄነሬተር ላይ አይሰካም፣ በባትሪ ብቻ። እምም የሚል ወፍራም ድምፅ ከሰማችሁ ብዙውን ጊዜ ከቻርጀር ነው፤ ንቀሉት።

አዲስ ተዋናይ፦ ላቭና ቡም አንድ ላይ ሲከፈት ድምፁ ለምን ይቀጥናል?

ሳውንድማን፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ከክፍያው የተሻለ። ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ላቩ ጋ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቡሙ ጋ ዘግይቶ። ሁለቱ ሲደመሩ አንዳንዱ ድምፅ ይጠፋፋል። ሁለቱንም በተለያየ ትራክ ቅዱ፣ በኤዲት ግን ለእያንዳንዱ መስመር አንዱን ምረጡ።

ኤዲተሯ፦ የመጨረሻ ከኔ። ፋይሎቹ "ኒው ፎልደር 3" ተብለው የሚላኩልኝን ነገር ምን ይበሉኛል?

ሳውንድማን፦ ተቀብለሽ አትፈርሚ። ፋይሉ የክፍሉ ቁጥር፣ የሲኑ ቁጥር፣ የሾቱ ቁጥር፣ ቴኩ በዚህ ቅደም ተከተል ይሰየም፦ 04-12-03-02 ማለት ክፍል 4፣ ሲን 12፣ ሾት 3፣ ቴክ 2። ክላፕ ላይ የተጻፈውና በአፍ የሚነገረው አንድ ይሁን፣ ክላፕ የሚመታው ሰውም ከተዋናዩ ፊት ይምታ እንጂ ከማይኩ ሥር አይደለም። ከፋይሎቹ ጋር አንድ ወረቀት ይምጣ፦ የትኛው ትራክ የማን ላቭ እንደሆነ፣ የትኛው ቴክ ላይ መኪና እንዳለፈ፣ ዋይልድ ትራኩና ሩም ቶኑ የት እንዳሉ። ካርዱ ሁለት ቦታ ከመገልበጡና ተከፍቶ ከመሰማቱ በፊት አይደምሰስ። ሩም ቶን የሚለው መስመር ባዶ ሆኖ ከመጣ ሎኬሽኑ ሳይፈርስ ያኔውኑ ደውዪላቸው።